የስድስተኛው መሳቢያ አጥንቶች

ጥቅምት 9

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ መቀስ፣

እጅሽ ሳይዝል ጉልበትሽም ሳይከዳሽ ይህች ወረቀት ትድረስሽ። እኔ ወገቤን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ «ምን ፈልጎ ነው?» እንደምትይ አውቃለሁ። አዎ፣ ፈልጌ ነው።

እናቴ «ልጄ ቢሮ ነው የሚሠራው» እያለች እንደምታወራ ሰምቻለሁ። ቢሮ አይደለም፣ የሙዚየም ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። ግራና ቀኙ እስከ ጣራ የሚደርስ የብረት መሳቢያ ነው፤ በመሳቢያዎቹ ውስጥ የፔንግዊን አጥንት አለ። ፔንግዊን ማለት መብረር ትቶ ዋና የለመደ፣ ከውኃ ሲወጣ እንደ ሰው ቆሞ እየተንገዳገደ የሚሄድ ወፍ ነው። የእኛዎቹ ከሞቱ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ስላለፋቸው አጥንታቸው ድንጋይ ሆኗል። ሙሉ ወፍ የለንም። አንድ የክንፍ እዚህ፣ አንድ የእግር እዚያ። እያንዳንዱን አንስቼ «ይሄ የየትኛው ዝርያ ነው?» ማለት ነው ሥራዬ። አስራ አንድ ዓመት ይህንኑ ስል ኖርኩ።

ወደዚህ ያመጣኝ፣ ዋስ ሆኖ ወረቀቴን የፈረመልኝ ሽማግሌው አለቃዬ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፍ ዝርያዎቹን ሰባት ብሏቸዋል። መጽሐፉ ተሻሽሎ ሊታተም ስለሆነ ሁሉንም እንድፈትሽ ታዘዝኩ። ስፈትሽ ግን አራተኛውና አምስተኛው በመጠን እንጂ በሌላ አይለያዩም። የአንዱ ዝርያ ወንድና ሴት ቢሆኑስ? ይህን ሐሳብ ይዤ ስድስት ወር ዞርኩ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ።

ፔንግዊን የሚለየው በአብዛኛው በእግሩ አጥንት ነው። ከጣቶቹ በላይ ያለው፣ ቅርፊት የለበሰው። አንቺ ዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ውስጥ በቀን ሺህ ጊዜ የምትቆርጪው ያው አጥንት ነው። ዶሮ ፔንግዊን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የአንድ ወፍ ወንድና ሴት ሲደባለቁ ቁጥሩ ምን እንደሚመስል ዓይኔ እንዲለምድ እፈልጋለሁ። እዚህ ዶሮ የሚሸጠው ያለ እግሩ በላስቲክ ታሽጎ ነው፤ ማረጃ ቤቱም ብጽፍለት መልስ አልሰጠኝም። ሠላሳ አውራና ሠላሳ ሴት፣ ርዝመታቸውንና ውፍረታቸውን ብትለኪልኝ? መለኪያውን በፖስታ ልኬዋለሁ።

ካላመቸሽ ተይው። ጤናሽ ይቅደም።

ያንችው ቆጣሪ


ህዳር 2

ለቆጣሪው የእህቴ የልጅ ልጅ፣

የምትቆጥረው አይለቅብህ። ልጅ ሆነህ የደረጃውን ብዛት፣ የእንግዳውን ጥርስ ሳይቀር ስትቆጥር «የመብራት ቆጣሪ» ያልንህ እኛው ነን፤ አሁን ማን ላይ እንፈርዳለን?

መለኪያው ደርሷል። አስራ ዘጠኝ ዓመት እግር ስቆርጥ አንድ ቀን «ርዝመቱ ስንት ነው?» ያለኝ ሰው የለም። ሰንሰለቱ ዶሮውን ዘቅዝቆ ያመጣልኛል፣ እቆርጣለሁ፣ እግሩ ወደ በርሜል ይወድቃል። በርሜሉ ማታ ማታ ለከብት መኖ ይሄዳል። ሌላ ታሪክ የለውም።

የዕረፍት ሰዓት ላይ ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ዘርግቼ ለካሁልህ። አውራዎቹን ከኋላ በምትወጣው ሹል ቀንድ ለየኋቸው። ሴቶቹ ከበውኝ «ጫማ ልታሰፊላቸው ነው?» እያሉ ሲስቁ ዋሉ። ሃያ ሃያ ከጀርባው ጽፌልሃለሁ፤ ከዚያ በላይ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የዋለ ጣት ትንሽ ነገር ማንሳት ይጠላል።

እናትህ ደህና ናት። ጻፍላት።

አክስትህ መቀስ


ህዳር 25

ለእትዬ መቀስ፣

ውለታሽን የሚከፍል ጤና ይስጥሽ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ክምር ሆነው ጫፍና ጫፋቸው ይነካካል፤ እንደ አራተኛውና አምስተኛው። ደስ አለኝ ልል ነበር፣ ግን ደስታም ጉልበት ይጠይቃል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ከነቆዳው ሲለካ ትክክለኛው መጠን አይገኝም። ጥቂት ወደ ቤት ወስደሽ ብትቀቅያቸውና አጥንቱን ብትለኪው? የሚጣል ነገር አይደል? የጎልማሶቹ ብቻ ሳይሆን የትንንሾቹም ቢኖር ጥሩ ነው።

አስቸገርኩሽ።

ቆጣሪው


ታህሳስ 20

ለቆጣሪው፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ወገብህንም ይማርልህ።

ያልከውን አደረግሁ። እግሮቹን በላስቲክ ጠቅልዬ በቦርሳዬ አወጣኋቸው። አሮጌ ድስት ነበረኝ፣ በእሱ ቀቀልኳቸው። ጎረቤቴ ሽታው ሲደርሳት «ምን እያበሰልሽ ነው?» ብላ አንኳኳች። «ትምህርት» አልኳት።

አሁን ስማኝ፣ አንድ ነገር ገርሞኝ ነው። እንቁላል ጥለው ያረጁትን ዶሮዎችና አውራዎቹን ስቀቅል አጥንቱ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። የስድስት ሳምንቶቹን ስቀቅል ግን የአጥንቱ አናት እንደ ጠርሙስ ክዳን ተነቅሎ ድስቱ ስር ቀረ። መጀመሪያ ሰብሬው መስሎኝ ነበር። ሌላውን አየሁ፣ እሱም ያው። አስራ ሁለቱም ያው። ክዳኑ ሲሄድ የሚቀረው አጥንት አጭር ነው፣ አናቱ ሻካራና ደልዳላ፣ ጎኑም እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ከእናቱ አጥንት ጎን ብታስቀምጠው ዘመድ ናቸው አትልም። ሳያድግ ገና አልተጋጠመማ! እኔ ስንት ዘመን ስቆርጥ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

ለአንተ ቁም ነገር ይሁን አይሁን አላውቅም። ቁጥሩን ከታች ጽፌዋለሁ። ስለ ፋብሪካው ከጠየቅኸኝ ሥራው ያው ነው። እኔም ያው ነኝ፤ ትከሻዬ ብቻ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል።

አክስትህ


ጥር 18

ለውድ አክስቴ፣

የጻፍሽልኝን ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ቀጥታ ወደ ስድስተኛው መሳቢያ ሄድኩ።

ስድስተኛው ዝርያ የሚታወቀው በሦስት አጥንት ብቻ ነው። መጽሐፉ «አጭር፣ አናቱ በሞገድ የተበላ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሁሉም ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር አንብቦ አልፏል፣ እኔም ጭምር። አጉሊ መነጽር ስር አስቀመጥኳቸው። አናታቸው አልተበላም፤ ክዳኑ ገና ያልተጋጠመ ነው። ጎናቸውም አንቺ እንዳልሽው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ስድስተኛ የሚባል ዝርያ የለም፣ እትዬ። የሦስተኛው የትልቁ ወፍ ጫጩት ነው።

ያልነገርኩሽ ግን አለ። ሽማግሌው ስድስተኛውን በሟች ሚስቱ ስም ነው የሰየመው። እሷ በሞተች ዓመት ያገኘው ነው። ከሰባቱ መሳቢያዎች ስሙን በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈው በዚህኛው ላይ ብቻ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ በዱላ እየተደገፈ ይመጣል። ነገርኩት።

«ስድስተኛው ጫጩት ነው።»

«የማን ጫጩት?»

«የሦስተኛው።»

አጥንቱን ወስዶ መነጽሩ ስር አደረገውና ብዙ ቆየ። «አናቱን ሞገድ በልቶታል ብዬ ጽፌያለሁ» አለ።

«ሞገድ ሦስቱንም እኩል አይበላም።»

«ማን ነገረህ?»

«አክስቴ። ዶሮ ማረጃ ነው የምትሠራው።»

ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ባይስቅም ደግሞ ፈራሁ። አልሳቀም። «ጽፈህ አውጣው» አለኝ፤ «እኔ ከሞትኩ በኋላ።» ዱላውን አንስቶ ወጣ። እሺ አልኩ። ምን ልበል? አልጋ የሌለኝ ጊዜ ያሳደረኝ ሰው ነው። ደግሞም ደክሞኛል፤ የሰው ሞት እየጠበቁ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም አልነግርሽም።

እስከዚያው አራተኛውንና አምስተኛውን ልጨርስ። አርባ ተቀቅሎ የተለካ ብትጨምሪልኝ ይበቃኛል።

ቆጣሪው


መጋቢት 30

ለቆጣሪው፣

እንደምን ከረምክ? ዘገየሁ። አርባው ይኸውልህ። አውራዎቹን ከገበያ ነው ያገኘኋቸው። በጥንቃቄ ነው የለካሁት፤ አሁን ጊዜ ሞልቶኛል።

ሽማግሌህን አትጫነው። እናትህ ደህና ናት።

አክስትህ


ሚያዝያ 22

ለእትዬ መቀስ፣

ከድካም የሚያሳርፍ ዘመን ይስጥሽ። አርባው ደረሰኝ፣ አመሰግናለሁ። ግን አዝናለሁ፣ ከእንግዲህ አትልፊ። ስለ አራተኛውና አምስተኛው የላክሁትን ጽሑፍ የሚመረምሩት ሰዎች «የዶሮ ቁጥር ለፔንግዊን ማስረጃ አይሆንም» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ መጀመሪያም አውቀው ነበር። ቁጥሮችሽን ከጽሑፉ አስወጥቻቸዋለሁ። ወንድና ሴትነታቸው የተመዘገበ የዛሬ ፔንግዊኖች አጥንት ያለው ሌላ ሙዚየም ተገኝቷል፤ በበጋ ሄጄ እለካለሁ። አራተኛውና አምስተኛው እስከዚያ እንደተፋጠጡ ይቆዩ።

ሽማግሌው ሐሙስ መምጣቱን አላቋረጠም። ስለ ስድስተኛው አናነሳም። አንቺስ? ፋብሪካው አዲስ ማሽን አስገባ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ሥራው ቀለለልሽ?

ቆጣሪው


ሰኔ 3

ይድረስ ለእህቴ የልጅ ልጅ፣

ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይህኛው ሦስተኛው ስለሆነ አልቀደውም፤ ወረቀትም አለቀብኝ።

ሥራው አልቀለለልኝም። ሥራ የለኝም። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ።

የመጀመሪያዎቹን ሳወጣ ማንም አላየኝም። አርባ ስትለኝ ግን ከሦስት ቀን በኋላ በሩ ላይ ጥበቃው «እትዬ፣ ቦርሳሽን» አለኝ። አስራ አራት እግር ነበር። «የሚጣል ነው» አልኩት። «የሚጣለውም የፋብሪካው ነው» አለኝ። ልጁ አልከፋብኝም፤ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። በማግስቱ የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ጠራኝ።

«ለምን ወሰድሽው?»

«ልለካው።»

«ምኑን?»

«እግሩን።»

ጸሐፊዋንና እኔን እያፈራረቀ አየ። «ለማን ብለሽ?»

«ለፔንግዊን» አልኩት።

ሌላ ቃል ጠፋኝ፣ ምን ላድርግ። ያሾፍኩበት መሰለው። «የፋብሪካ ንብረት ስትሰርቅ ተይዛ ተሰናበተች» ብሎ የሥራ ልምድ ወረቀቴ ላይ ጻፈው። ያንን ወረቀት ይዤ ሦስት ቦታ ሄድኩ። አንብበው መልሰው ያጥፉታል፣ በትህትና። አሁን የአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ አጥባለሁ። ዘጠና አራት ነው፤ አንተን አስቤ ቆጠርኩት።

እናትህን እንዳትነግርህ ያስማልኳት እኔ ነኝ። እሷን እንዳትቆጣ። ለምን ደበቅሁህ? ቁጥሩ ቁም ነገር ላይ ይውላል ብዬ ነበር። ያንተ ደብዳቤ መጥቶ «አስወጣኋቸው» ሲል ሁለት ቀን አልተነሳሁም። ልወቅስህ አይደለም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ልልም አይደለም፣ በገዛ እጄ ነው የወሰድኩት። ግን ደክሞኛል፣ ልጄ። ይህን ለሰው ብዬ አላውቅም።

ገንዘብ እንዳትልክልኝ። ብትልክ እመልሰዋለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እግሮቹ ለምን እንደተወሰዱ የሚናገር፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ የለ። የሽማግሌህ ሚስት ስሟ መሳቢያ ላይ ዋለ፤ የእኔ ደግሞ እዚያ ሰውዬ ፋይል ውስጥ «ሌባ» ተብሎ ሊውል ነው።

አክስትህ


ሰኔ 29

ለአክስቴ፣

በምን አፌ «እንደምን ነሽ» እላለሁ? እግርሽ ላይ ወድቄ እንደጻፍኩት ቁጠሪው። እኔ ሁሉን እቆጥራለሁ ባይ፣ «ከገበያ»ና «ጊዜ ሞልቶኛል» ያልሽውን አንብቤ አለፍኩ። ሠላሳ ዓመት ያንን ዐረፍተ ነገር እንዳለፉት ሰዎች።

ማህተሙ የሚወጣው በክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ነው፣ ኃላፊው ደግሞ በወረቀት እስካሁን ሽማግሌው ነው። እግሮቹ ለምን እንደተወሰዱ ልጻፍ ካልኩ ምን እንደተገኘባቸው መጻፍ አለብኝ። ያንን ከፈረመ ደግሞ ስድስተኛው የለም ብሎ በሕይወት እያለ ፈረመ ማለት ነው። ሌላ ፊርማ ፈለግሁ፤ የሚሆን አላገኘሁም። ሐሙስ ሲመጣ ደብዳቤሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቋንቋው አነበብኩለት። «ለፔንግዊን» ያልሽበት ላይ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«ለጫጩት እግር ሌባ ተባለች?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«የካቲት።»

«እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ?»

«እዚሁ። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር።»

ያዘጋጀሁትን ደብዳቤ ወስዶ አነበበ። «በምርምሩ ረድታለች» ብዬ ጽፌ ነበር። እስክሪብቶ አውጥቶ ሰረዘው። የተናደደ መሰለኝ። ከላዩ ላይ በሚንቀጠቀጥ እጁ «አግኝታለች» ብሎ ጻፈ። «የረዳ ረዳት ነው፣ ያገኘ ደግሞ አገኘ። አስራ አንድ ዓመት አስተምሬህ በትክክል መጻፍ አልቻልክም?» አለኝ። እንደገና ተይቤው ፈረመ። ማህተሙን ራሱ መታው፤ የመጀመሪያው ስለደበዘዘ ደግሞ መታው።

ከዚያ ሦስቱን አጥንቶች ከስድስተኛው መሳቢያ አወጣ። ላግዝህ ብለው አልሰጥም አለኝ። አንድ በአንድ ወስዶ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ከትልልቆቹ ጎን አስቀመጣቸው፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ። በባዶው መሳቢያ ላይ የነበረውን ስም ከነካርቶኑ ነቅሎ ደረት ኪሱ ከተተው። ባለፈው ሐሙስ አልመጣም። ስደውልለት «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ግን የተኛ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ደብዳቤው በእኛም በዚህ አገርም ቋንቋ ተጽፎ አብሮ አለ። ስለ ስድስተኛው የምጽፈውም ሳይቆይ ይወጣል። ይቅርታ አልልሽም፣ ቃሉ ያንሳል።

ቆጣሪው


ነሐሴ 14

ለቆጣሪው፣ ለእህቴ የልጅ ልጅ፣

ከዘመን መጥፎ ይጋርድህ። ደብዳቤው ደረሰኝ። ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ጥበቃው ሲያየኝ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ እኔም ጉልበቴን ስላመመኝ እንቢ አላልኩም።

አስተዳደሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ማህተሙን በጥፍሩ ፈተገ። ከዚያ ጸሐፊዋን ጠርቶ «ፔንግዊን ምንድነው?» አላት። «መብረር የማይችል ወፍ ነው፣ ጌታዬ» አለችው። «እና ዶሮስ?» አላት። ልጅቱ ሳቋን ልትውጥ ወደ ግድግዳ ዞረች።

«እዚህ ላይ አግኝታለች ይላል» አለኝ ወደኔ ዞሮ። «ምን አገኘሽ?»

«ክዳን» አልኩት። አሳየሁት፤ በመሃረብ ቋጥሬ አንድ ይዤ ነበር፣ የስድስት ሳምንቱን ከነክዳኑ። ገጠምኩለት፣ ነቀልኩለት። ተቀብሎኝ ራሱ ገጥሞ ነቀለው። አንድ አምስት ጊዜ እንዲያ አደረገ። «በየቀኑ ሃያ ሺህ እናርዳለን» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲገለብጥ ስለሚውል ነው።

ወደ ሥራው ልመልስሽ አልችልም አለኝ፣ ቦታዬ ላይ ማሽኑ ገብቷል። እኔም አልጠየቅሁትም። ወረቀቱ ግን ይስተካከል አልኩ። ተማከሩ፣ ወጡ፣ ገቡ። ከቀትር በኋላ አዲሱን አመጡልኝ። «ስትሰርቅ ተይዛ» የሚለው ወጥቷል። በምትኩ «በራሷ ፈቃድ ሥራዋን ለቃለች» ይላል።

ቆሜ አነበብኩት። ውሸት ነው፣ ግን ያስከብራል፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። ለሽማግሌህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደጻፈው አውቄለታለሁ፤ የኔም ይንቀጠቀጣል። ሐሙስ ካልመጣ አንተ ሂድለት፣ ስለ አጥንት ሳታወራ ዝም ብለህ አብረህ ተቀመጥ።

እኔ ደህና ነኝ። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወረቀቱን ደግሜ አወጣሁት። አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ግቢ ስገባ፣ ስወጣ፣ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በደወል ነበር። በራሴ ፈቃድ ያደረግሁት አንድም ነገር አልነበረም። መውጣቴን ብቻ በፈቃዴ ነው አሉልኝ።

አክስትህ